ሰሮጋሲ፦ ሌላ ሴት አርግዛ ስለምትወልደው ልጅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ሲመጣ አንድ ቦታ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሐኪሟ «ማርገዝ አትችይም» ባላት ቀን ማታ ስልኳን ይዛ ስትፈልግ ያደረች ናት። ሌላው ደግሞ አንዲት የሆሊውድ ተዋናይት ሆዷ ሳይገፋ ልጅ ታቅፋ አይቶ ግራ የገባው ነው። ለሁለቱም ይሆናል። እኔ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ በብዛት የማውቀውም የአሜሪካውን ነው፤ የሌላውን አገር እግረ መንገዴን አነሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሰሮጋሲ ማለት «ማህፀን ማከራየት» ነው?

ሰው እንደዚያ ይለዋል። ቶሎ ይገባል፣ ግን ቃሉን አልወደውም። ቤት ያከራየ ሰው ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት፣ እግሯ የሚያብጠው፣ ምጥ የሚይዛት ሴት አለች፤ ቁልፍ ሰጥታ የምትሄድበት የለም።

ነገሩ ይኸው ነው፦ አንዲት ሴት ለሌላ ሰው አርግዛ ትወልዳለች፣ ልጁን ወስደው የሚያሳድጉት ከመነሻው ልጅ ፈልገው ከሷ ጋር የተስማሙት ሰዎች ናቸው። አርግዛ የምትወልደዋን እዚህ ገጽ ላይ ሰሮጌት እላታለሁ፤ እዚህ አገር ያለው ሐበሻም እንደዚያው ነው የሚላት።

ዓይነቱ ሁለት ነው። በድሮው ሰሮጌቷ የራሷን እንቁላል ትሰጣለች። የባልየው ዘር በሕክምና ማህፀኗ ውስጥ ይገባና ታረግዛለች፤ ስለዚህ በሥጋ የልጁ እናት እሷው ናት። በአሁኑ ግን እንቁላሉ የሚወሰደው ልጅ ከምትፈልገው ሴት ወይም ከለጋሽ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከዘር ፍሬው ጋር ይዋሃዳል፣ ከዚያ ሽሉ ወደ ሰሮጌቷ ማህፀን ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ የሚሠራው ከሞላ ጎደል ይሄኛው ነው። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ከሕክምናው ይልቅ ፍርድ ቤቱ ነው የገፋው።

ልጁ ሰሮጌቷን አይመስልም?

በአሁኑ ዓይነት፣ አይመስልም። መልኩን የሚወስኑት እንቁላሉና ዘሩ ናቸው። ነጭ ሰሮጌት የሐበሻ ልጅ ብትወልድ የሚወጣው ሐበሻ ነው። (አዎ፣ ከምር የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። የሚያሳፍርም አይደለም።)

አዲስ ነገር ነው ወይስ ድሮም ነበር?

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን ክፈቱ። ሣራ ልጅ አጣች፣ ግብፃዊት አገልጋይዋን አጋርን ለአብርሃም ሰጠች፣ እስማኤል ተወለደ። ምዕራፍ 30 ላይ ደግሞ ራሔልና ልያ ባላንና ዘለፋን ለያዕቆብ ይሰጣሉ። ልብ በሉ፣ አጋርን የጠየቃት ሰው የለም። እሺ በይ እምቢ በይ ያላት የለም። ዛሬ ውሉ ላይ የሚሞላው ገጽ ሁሉ፣ ሁለቱ ጠበቃ፣ የሥነ ልቦና ምርመራው፣ እሷን መጠየቅ ስለሚያስፈልግ ነው የመጣው።

በዘመናችን የመጀመሪያውን የሰሮጋሲ ውል ያዘጋጀው ኖኤል ኪን የሚባል የሚሺጋን ጠበቃ ነው፣ በ1976። በ1978 ሐምሌ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከማህፀን ውጭ በተፈጠረ ጽንስ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ይህ ባይሆን አሁን የምናወራው ዓይነት ሰሮጋሲ አይኖርም ነበር። በ1985 መጀመሪያ ደግሞ ለንደን ውስጥ ኪም ኮተን የምትባል ሴት በ6,500 ፓውንድ ለማታውቃቸው ባልና ሚስት ልጅ ወለደችና አገሩ ሁሉ ተንጫጫ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ የደላላ ድርጅቶችን የሚከለክል ሕግ አወጣች።

ከሁሉም ግን ነገሩን የቀየረው የኒው ጀርሲው ክስ ነው። ሜሪ ቤዝ ዋይትሄድ የምትባል ሴት ለዊልያምና ለኤልሳቤጥ ስተርን በ10,000 ዶላር ልጅ ልትወልድላቸው ተስማማች። እንቁላሉ የራሷ ነበር፤ ያኔ ሌላ መንገድ ገና አልተለመደም። በመጋቢት 1986 ሴት ልጅ ተወለደች። ዋይትሄድ አየቻት፣ አቀፈቻት፣ «አልሰጥም» አለች፤ ሕፃኗን ይዛ ፍሎሪዳ ድረስ ጠፋች። ፍርድ ቤቱ ልጅቷን «ኤም» እያለ ይጠራት ነበር፣ ክሱም በዚያው ስም ቀረ። በ1988 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሉን ዋጋ አሳጣው። የወለደችው ሴት ሕጋዊ እናት ናት አለ። ለልጅቷ የሚበጀው ግን ከስተርኖቹ ጋር ማደጓ ነው ብሎ እዚያው አደረጋት፤ ዋይትሄድ የመጎብኘት መብት አገኘች።

ከዚያ በኋላ ጠበቆችም ክሊኒኮችም አንድ ነገር ገባቸው። የራሷን እንቁላል የሰጠች ሴት «ልጄ ነው» ብትል ማን ይመልስላታል? ስለዚህ እንቁላሉን ከሌላ ማምጣት ለመዱ።

ማን ነው ወደዚህ የሚመጣው?

ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሀብታሟን ነው፤ ቁመናዬ ይበላሻል ብላ ሰው የምትቀጥረዋን። ወሬዋ ከቁጥሯ ይበልጣል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ሰሮጌት የሚያስፈልገው የሕክምና ምክንያት ሲኖር ወይም በተፈጥሮ ማርገዝ በማይቻልበት ሁኔታ ነው ይላል፣ ደህና ክሊኒክም ይህንኑ ይጠይቃል።

በብዛት የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ማህፀን ሳይኖራት የተወለደች ሴት አለች፤ ከ5,000 ሴቶች አንዷ ገደማ እንደዚህ ትወለዳለች። አስራ አምስት አስራ ስድስት ሲሞላት የወር አበባ ሲቀር ሐኪም ጋ ትሄዳለች፣ ያኔ ይነገራታል። ግን እንቁላል የሚያመርቱት ክፍሎቿ ደህና ናቸው። ልጇ የራሷ ደም ሊሆን ይችላል፣ የሚያርፍበት ነው የጠፋው። ሰሮጋሲ ለሷ የተፈጠረ ይመስላል።

ቀጥሎ ማህፀኗ የወጣባት አለች። አንዷ በመጀመሪያ ልጇ ወሊድ ላይ ደም አልቆም ብሎ፣ ነፍሷን ለማትረፍ አወጡት። ሌላዋ በካንሰር። ሌላዋ በማህፀን ዕጢ፣ ፋይብሮይድ በሚሉት፤ እሱ ደግሞ ጥቁር ሴቶች ላይ ቀድሞም በብዛትም እንደሚወጣ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ስለሆነ እኛንም ይመለከታል። የሆድ ቁርጠት ነው እያላችሁ የምትታገሱ ካላችሁ ታዩ።

ማህፀን ኖሯት እርግዝና የሚገድላትም አለች። ከባድ የልብ ችግር፣ የሳንባ ደም ሥር ግፊት፣ የኩላሊት በሽታ፣ ወይም ሊቋረጥ የማይችልና ጽንስ የሚጎዳ መድኃኒት። ከዚያ ደግሞ ውርጃ በውርጃ ላይ የተደራረበባት፣ አይቪኤፍ (እንቁላሉንና ዘሩን ላብራቶሪ ውስጥ አዋህዶ ሽሉን ማህፀን ውስጥ የማስገባት ሕክምና) አራት አምስቴ ሞክራ ገንዘቧም ጉልበቷም ያለቀ። እነዚህ ሴቶች ሰሮጋሲ ጋ ሲደርሱ ሌላውን በር ሁሉ አንኳኩተው ነው። ሰው ከዚህ አይጀምርም፣ እዚህ ነው የሚያበቃው።

ወንዶችም አሉ። አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንዶችና ብቻውን ልጅ የሚፈልግ ወንድ፣ አሜሪካ ውስጥ ከደንበኞቹ ጥሩ ድርሻ አላቸው። እነሱ እንቁላል ከለጋሽ ያገኛሉ፣ ሰሮጌቷ ሌላ ሴት ናት። አገር ቤት ላለ አንባቢ ይህ ይከብድ ይሆናል፣ ግን ማን እንደሚመጣ ጠይቃችሁኝ ዘልዬው አላልፍም።

የውጭ አገር ሰዎችም እንዲሁ። በአሜሪካ መንግሥት የጤና ተቋም መረጃ ከ1999 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በሰሮጌት የተወለዱት ሕፃናት ወደ 18,400 ናቸው። በ2013 ከተደረጉት ሙከራዎች 18 ከመቶ የሚሆኑት አሜሪካ ለማይኖሩ ሰዎች ነበሩ። አገራቸው የከለከለባቸው ናቸው በብዛት።

ውሉ ከየት ነው የሚጀምረው?

ከሁለት ቦታ። አንዱ ኤጀንሲ ነው፤ ፈላጊዎቹም ሰሮጌቷም ይመዘገባሉ፣ ኤጀንሲው ያገናኛል። ሁለተኛው የሚያውቁት ሰው ነው፤ እህት፣ የአክስት ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ።

በኤጀንሲ ከሆነ መጀመሪያ በቪዲዮ ይተያያሉ። ሁለቱም ወገን ይመርጣል፣ እሷም እምቢ ማለት ትችላለች። እዚህ ወሬ ላይ ነው ከባዱ ነገር ሁሉ መነሳት ያለበት። ስንት ሽል ይገባል? (ዛሬ የሚመከረው አንድ ነው፣ መንታ ለእናትም ለልጅም አደጋ ስላለው።) ጽንሱ ላይ ከባድ ችግር ቢታይ ምን ይደረጋል? ምጥ ክፍል ማን ይገባል? ከተወለደ በኋላ ፎቶ ይላካል? እነዚህን ተፋፍረው ያለፏቸው ሰዎች ስድስተኛው ወር ላይ ነው የሚጣሉት።

ከዚያ ሐኪም ያያታል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግራታል። በመመሪያው ዕድሜዋ ከ21 እስከ 45 መሆን አለበት፣ ቢያንስ አንድ ልጅ ያለ ችግር ወልዳ የምታውቅ መሆን አለባት፣ ከአምስት በላይ የወለደችም አትመከርም። ወልዳ የማታውቅ ሴት የማትፈቀደው በሁለት ምክንያት ነው። ሰውነቷ እርግዝና መቻሉ አልታየም። ደግሞም ልጅ ወልዳ መስጠት ምን እንደሚመስል ሳታውቅ «እሺ» ማለቷ እሺ አይባልም።

ቀጥሎ ጠበቃ፤ ለፈላጊዎቹ አንድ፣ ለሷ ደግሞ የራሷ ሌላ። ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ሁለቱ ወገን የየራሱ ጠበቃ እንዲኖረው ያዛል፣ ውሉም ሳይፈረም የእርግዝና ማዘጋጃ መድኃኒት መጀመር ይከለክላል። ይህን አስምሩበት። ወረቀቱ ከሽሉ ይቀድማል። ገንዘቡም ለሦስተኛ ወገን በአደራ ይቀመጣል፤ በየወሩ ከዚያ ነው የሚከፈላት፣ ከፈላጊዎቹ እጅ አይደለም።

ሽሉ ከገባና ከያዘ በኋላ ነገሩ ተራ እርግዝና ነው። ወደ አስረኛው ሳምንት ገደማ ክሊኒኩ ይለቃትና የራሷ የማህፀን ሐኪም ትከታተላታለች። ሕጉ በሚፈቅድበት ግዛት ልጁ ሳይወለድ በፊት ዳኛ ወላጆቹ እገሌና እገሊት ናቸው ብሎ ትእዛዝ ይሰጣል፤ የልደት ሰርተፊኬቱ በነሱ ስም ይወጣል።

እህቴ ብታረግዝልኝስ? ኤጀንሲ ለምን ያስፈልገኛል?

እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ይሄ ነው። ደስ ይላል፣ ይቻላልም፣ ብዙ ሰው አድርጎታል። ኤጀንሲ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ጠበቃው፣ ምርመራው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ግን አይቀርም። «እህቴ አይደለች እንዴ» ተብሎ ውል አይዘለልም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ታናሽ እህት ለታላቋ እምቢ ማለት ትችላለች? እናት መሐል ገብታ «ለእህትሽ ይህን ብቻ» ካለቻት በኋላ? ውጭ ያለችው ገንዘብ ላኪ፣ አገር ቤት ያለችው ተቀባይ ከሆነችስ? የባለሙያው ሥራ ይህን ማየት ነው። ብቻዋን ያነጋግራታል፣ ከከበዳት እሱ ራሱ «ለዚህ አትሆንም» ብሎ ይወጣላታል። ቤተሰብ እሷን አይቀየምም፣ ፈረንጁን ነው የሚቀየመው።

እህታችሁ አገር ቤት ከሆነች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በጉብኝት ቪዛ አምጥቼ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ሌላ ምክንያት ነግሬ የሚል ካለ፣ ኤምባሲ ላይ የተነገረ ውሸት ዕድሜ ልክ ይከተላል። እዚያው ትውለድ ካላችሁ ስለ ኢትዮጵያ ከታች ያለውን አንብቡ።

ስንት ያስወጣል?

አሜሪካ ውስጥ ሁሉ ነገር ተደምሮ ከ100,000 ዶላር ይበልጣል፣ እስከ 200,000 መድረሱ የተለመደ ነው። ሰሮጌቷ የምታገኘው ከዚህ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የቀረው ለኤጀንሲ፣ ለሁለት ጠበቆች፣ ለአይቪኤፍ፣ ለመድን፣ ለጉዞ፣ ከሥራ ለቀረችበት ቀን ይሄዳል። ሽሉ አልያዘም ማለት ደግሞ ከፊሉ እንደገና ነው። እቁብ አይሸፍነውም። ቤታቸውን አስይዘው የተበደሩ አሉ።

እንግሊዝ ውስጥ ለሰሮጌቷ የሚፈቀደው ተገቢ ወጪዋን መሸፈን ነው። ካናዳ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ለሰሮጌት ደመወዝ መክፈል ወንጀል ነው፣ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ወጪዋን መሸፈን ይቻላል፣ በደረሰኝ።

እሷ ለምን ታደርገዋለች? ገንዘብ ብቻ አይደለም እንዴ?

የት እንደሆነ ንገሩኝና ልመልስ።

አሜሪካ ውስጥ ሰሮጌቶች በብዛት ባለትዳር፣ የራሳቸው ልጆች ያሏቸው፣ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሴቶች ናቸው። የወታደር ሚስቶችም ብዙ ናቸው። ደህና ኤጀንሲ የመንግሥት ድጎማ የምትቀበል ሴት አይወስድም፤ ችግር ገፋት እንዳይባል። ገንዘቡን ይፈልጉታል፣ አይዋሹም፤ የቤት ቀብድ ይሆናል፣ የልጆች ኮሌጅ ይሆናል። ግን እርግዝና የሚቀላቸውና «ይህን ለሰው ማድረግ እችላለሁ» ብለው የሚኮሩበትም ናቸው። ሁለቱ አብሮ ይሄዳል፣ ለምን አንዱን ብቻ እንዲመርጡ እንደምንፈልግ አይገባኝም። ነርስም ደመወዝ ትወስዳለች።

ሕንድ ጉጃራት ውስጥ አናንድ የምትባል ከተማ ግን ሌላ ታሪክ ነበራት። ሕንድ በ2002 የንግድ ሰሮጋሲን ፈቀደች፣ አናንድ ዓለም የሚያውቃት ማዕከል ሆነች። ሴቶቹ ድሆች ነበሩ፣ ዘጠኙን ወር ከቤታቸውና ከልጆቻቸው ተለይተው ክሊኒኩ ባዘጋጀው ማደሪያ ይቀመጡ ነበር። የሚያገኙት ለነሱ የብዙ ዓመት ገቢ ነው። ውሉ በማያነቡት ቋንቋ ሲሆን ግን ፈቃድ የሚባለው ነገር ይሳሳል። እኔ ሰሮጋሲን ተቃዋሚ አይደለሁም፣ ግን ሁለቱን አገር በአንድ ስም መጥራት ይከብደኛል።

የት ይፈቀዳል?

አሜሪካ ውስጥ በየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ከሁሉም ቀድማ ክፍት ናት። እኛ የምንበዛበት ዋሽንግተን ዲሲ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር፣ ከ2017 ጀምሮ ተፈቅዷል። ኒው ዮርክ በክፍያ የሚደረገውን የፈቀደችው በየካቲት 2021 ነው። ሚሺጋን፣ ያ የመጀመሪያው ውል የተጻፈበት ግዛት፣ በ1988 ከልክሎ ቆይቶ በ2024 ሕጉን ቀየረ። ከዲሲ ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሌላ ሕግ ነው፣ ሜሪላንድ ሌላ። የሚቆጠረው በብዛት ሰሮጌቷ የምትወልድበት ቦታ ስለሆነ ስለ ራሳችሁ አድራሻ ብቻ አትጠይቁ።

እስራኤል ከ1996 ጀምሮ በሕግ ትፈቅዳለች፣ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ እያንዳንዱን ውል ካላጸደቀ ግን አይጀመርም። በ2018 ላላገቡ ሴቶች፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2021 ከወሰነ በኋላ ደግሞ ከጥር 2022 ጀምሮ ለወንዶችም ተከፈተ። እዚያ ያላችሁ አይቪኤፍ ራሱ እስከ ሁለት ልጅ በጤና መድኑ እንደሚሸፈን ታውቃላችሁ፤ ብዙ ሰው እሱን ሳይጨርስ ወደ ሰሮጋሲ አይሄድም።

ጀርመንና ፈረንሳይ ከልክለዋል። ጣሊያን ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፦ አገር ውስጥ ቀድሞም ክልክል ነው፣ በጥቅምት 2024 ደግሞ አንድ ጣሊያናዊ ሌላ አገር ሄዶ ቢያደርገውም ወንጀል ነው የሚል ሕግ ወጥቷል። እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት አለው።

ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ የተሟላ ሕግ አላት። ከእርግዝናው በፊት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሉን ማጽደቅ አለበት፣ ክፍያ የለም፣ ሰሮጌቷ የራሷ ልጅ ሊኖራት ይገባል።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚባለው (ይሄኛው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ነው ይላል። የወለደችው እናት ናት። አልቋል። ወረቀት ብትፈራረሙ፣ እንቁላሉ የእናንተ ቢሆን፣ የእህታችሁ ልጅ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ «አገር ቤት ይረክሳል፣ እዚያው እናድርገው» የሚለው ሐሳብ ገንዘቡን ይቆጥብና ልጁን ያስቀራል።

አይቪኤፍ ግን አገር ቤት አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ማህፀን ያላት ሴት ሰሮጋሲ ከማሰቧ በፊት እዚያ ብትታይ ይሻላል፤ ባልም አብሮ ይመርመር። ልጅ ካልመጣ ጥፋቱ የሚስት ነው የሚለው አሁንም አልለቀቀንም፣ ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከወንዱም ይሆናል።

ርካሽ አገር ሄጄ ባሠራስ?

ያደረጉት የደረሰባቸውን ላውራችሁ።

በ2008 አንድ ጃፓናዊ ባልና ሚስት ሕንድ ውስጥ ሰሮጌት ያዙ። ልጅቷ ሳትወለድ ተፋቱ። ሚስትየው አልፈልግም አለች፣ እንቁላሉ የለጋሽ ነበር፣ ሰሮጌቷም እናት ነኝ አላለችም። አባትየው ይፈልጋታል፣ ግን ሕፃኗ የየት አገር ዜጋ ናት? አያቷ ከጃፓን መጥታ ለወራት እየጠበቀች ቆየች፣ ነገሩ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ሕንድ በ2015 ለውጭ ሰዎች ዘጋች፣ በ2021 ባወጣችው ሕግ የንግዱን ሰሮጋሲ ጭራሽ ከለከለች።

ሕንድ ጨርሳ ሳትዘጋ፣ ሕጉን ማጥበቅ ስትጀምር ነው ሰው ወደ ኔፓል የሄደው። ሚያዝያ 2015 ካትማንዱ በርዕደ መሬት ስትመታ፣ እስራኤል በሰሮጋሲ የተወለዱ ጨቅላ ሕፃናትን በአውሮፕላን አወጣች። የወለዱት ሴቶች እዚያው ፍርስራሽ ውስጥ ቀሩ ተብሎ ብዙ ተወቀሰ። ኔፓልም በዚያው ዓመት ከለከለች። ታይላንድም በ2015 ለውጭ ሰዎች ዘጋች። ከዚያ ወደ ካምቦዲያ፤ እሷም በ2016።

ዩክሬን ለባለትዳሮች ትፈቅዳለች። በግንቦት 2020 በኮሮና ድንበር ሲዘጋ ኪየቭ አንድ ሆቴል ውስጥ በርካታ ሕፃናት ተደርድረው ወላጅ ሲጠብቁ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። በ2022 ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ሞግዚቶች ሕፃናቱን ይዘው ምድር ቤት ገቡ።

አገሩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሕጉ የሚቀየረው እርግዝናው መሐል ላይ ነው። ሕፃኑ ይወለዳል፣ ፓስፖርት ግን የለውም። አሜሪካዊ ዜጋ የሆናችሁ፣ ውጭ በሰሮጌት የተወለደ ልጅ ዜግነት እንዲያገኝ ከወላጅ ጋር የሥጋ ትስስር ይጠየቃል፣ የዲኤንኤ ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያዙ።

እኔ ሰሮጌት መሆን እፈልጋለሁ። ከኢትዮጵያ ወይም ከዐረብ አገር ሆኜ ይቻላል?

አሜሪካ ያሉ ደህና ኤጀንሲዎች እዚያው በሕጋዊ ፈቃድ የምትኖር ሴት ነው የሚወስዱት። በቴሌግራም «ውጭ አገር ሰሮጌት፣ ትኬት የተከፈለ፣ ወር በወር ይህን ያህል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትጠጉት። ፓስፖርት መቀማት ምን እንደሆነ ለእኛ ሴቶች አስተማሪ አያስፈልግም። በ2018 ካምቦዲያ ውስጥ ለቻይናውያን ደንበኞች ያረገዙ 32 ሴቶች ታሰሩ። የተለቀቁት ልጆቹን ራሳቸው እንዲያሳድጉ ተስማምተው ነው። 

አልሰጥም ብትልስ? ወይ እኛ ሐሳባችንን ብንቀይርስ?

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ይህንኑ ተጠይቆ ነበር። አና ጆንሰን ለካልቨርት ቤተሰብ አረገዘች፤ እንቁላሉ የወይዘሮ ካልቨርት ነው። ኋላ እናት እኔ ነኝ አለች። ፍርድ ቤቱ፣ ይህን ልጅ ወደ ዓለም ለማምጣትና ለማሳደግ ያሰበችው ማን ናት ብሎ ጠየቀ፣ ለወይዘሮ ካልቨርት ፈረደ። እንግሊዝ ግን ሌላ ነው። እዚያ የወለደችው ሕጋዊ እናት ናት፣ ፈላጊዎቹ ከወሊድ በኋላ ለፍርድ ቤት አመልክተው ነው ወላጅነቱ የሚዛወርላቸው፣ የሷም ስምምነት የሚጸናው ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት የበለጠ መፈራት አለበት። ፈላጊዎቹ ቢለያዩስ? ልጁ ሕመም ይዞ ቢወለድስ? በ2013 መጨረሻ ታይላንድ ውስጥ መንታ ተወለዱ። ልጅቷ ከአውስትራሊያውያኑ ጋር ሄደች፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ወንዱ ከሰሮጌቷ ጋር ቀረ። ጥለውት ሄዱ ተብሎ ዓለም ጮኸ። በ2016 የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ሰሮጌቷ ራሷ ልታስቀረው ፈልጋ እንደነበር አገኘ። እውነቱ ከጩኸቱ ይልቅ ውስብስብ ነው፣ ግን ውሉ ላይ «ልጁ እንዴትም ሆኖ ቢወለድ የእኛ ነው» የሚል አንቀጽ ለምን እንደሚገባ ይገባችኋል።

ሃይማኖት ምን ይላል?

ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግልጽ ትቃወማለች፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጥር 2024 በዓለም ደረጃ እንዲከለከል ጠይቀው ነበር። የሱኒ ሊቃውንት ጉባኤዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዘር መደባለቅ ነው ብለው አይፈቅዱም፣ የዐረብ አገራት ሕግም በብዛት ይህን ይከተላል። ኢራን ውስጥ ግን የሺዓ ሊቃውንት ፈቅደዋል፣ ይሠራል። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ ጀምሩ፤ በአርባ ወይም በሰማንያ ቀን ክርስትና ላይ ድንገት ከማስረዳት ይሻላል።

ለቤተሰብ ምን ልበል? ሆዴ አልገፋ፣ ልጅ ግን መጣ

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ይሄ ይመስለኛል። እናት ከአዲስ አበባ ልታርስ ትመጣለች፣ በሶብላና ቅቤ ሻንጣ ውስጥ አጭቃ። ገንፎው የማን ነው? አራሷ ሌላ ከተማ ናት። ትራስ አስረው ያረገዙ የመሰሉ ሴቶች አሉ፤ እኔ አልፈርድባቸውም፣ ግን ዘጠኝ ወር መዋሸት ድካም ነው፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ለእናታችሁ ንገሯት። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ገንፎውን ለእናንተ ታገነፋለች፤ ሌሊት የሚነሳውም ሰው ገንፎ ያስፈልገዋል።

ልጁስ ይነገረው?

አዎ፣ በጊዜ። እንግሊዝ ውስጥ ሱዛን ጎሎምቦክ የሚባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪ በሰሮጋሲ የተወለዱ ልጆችን ከሕፃንነታቸው እስከ 20 ዓመታቸው ተከታትለዋል። ልጆቹ ከሌሎቹ የባሰ ችግር አልታየባቸውም። ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው የተነገራቸው ደግሞ ከእናታቸው ጋር የተሻለ ግንኙነት ነበራቸው። ለአራት ዓመት ልጅ ንግግር አያስፈልግም። «የእማዬ ሆድ ታሞ ስለነበር አንዲት ደግ ሴትዮ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችህ» ይበቃዋል፤ አንገቱን ነቅንቆ ወደ መኪናው ይመለሳል። እናንተ ካልነገራችሁት አንድ ቀን ሰርግ ላይ፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ የደረሰ አጎት ይነግረዋል።